ከጨንቻ ወደ ጫኖ ሲወረድ

ጋሞ ተራራማ ነው ሲባል የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ መሆኑ ብቻ አይደለም። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ጋቢ ታስደርባለች፤ እንሰትና ገብስ አገሯ ነው። በአባያ ሐይቅ በኩል ያለችው ጫኖ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሙዝና ማንጎ ታበቅላለች።

በነርስነት ዘመኔ እኔን ያሳሰበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ወባ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ሰውነቱ ያልለመደው የደጋ ልጅ ሲያዝ ደግሞ ይጠናበታል። ስለዚህ የልጅ ልጆች ለዕረፍት ጫኖ ሲመጡ መጀመሪያ አጎበር ይዘርጋላቸው፤ ማንጎው ይደርሳል። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከንክሻው ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ልጁ ጨንቻ ከተመለሰ በኋላም ሊነሳበት ይችላል። ያኔ «ብርድ መቶት ነው» ብላችሁ አታቆዩት። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ቆላ ወርዶ እንደነበርም ለባለሙያው ንገሩ።