ስለ ደወል አበባ አተካከልና አጠባበቅ

ከጽጌረዳ ሌላ ለግቢያቸው ጌጥ የሚሹ ወይዛዝርትና መኳንንት ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም ጌጦች አንዱ የደወል አበባ ነው። በላቲን ቋንቋ ካምፓኑላ ይባላል፤ ትርጓሜውም ትንሽ ደወል ማለት ነው። መልኩ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ ወይም ጽጌረዳማ ይኾናል፤ ትልቁም ዐይነት ቁመቱ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ነገር ግን ይህን አበባ በአገራችን የተከለ ሰው ሊያዝን ይችላል። በዘሩ ከረጢት ላይ የተሣለውን ሥዕል አይቶ ይዘራል፤ ይበቅልለታል፤ ቅጠሉም እንደ ሰላጣ በመሬት ላይ ተነጥፎ ይለመልማል። አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ኹለተኛውንም ይጠብቃል፤ አንዲት ደወል እንኳ አይወጣም። በዚህ ጊዜ ጌታው አትክልተኛውን ይቈጣል፤ አትክልተኛውም አፈሩን ያማርራል። ጥፋቱ ግን የኹለቱም አይደለም።

የዚህ ትልቅ ደወል አበባ አገሩ ኢጣልያና ደቡብ ፈረንሳይ ነው። በዚያ አገር ተክሉ በመዠመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ የክረምቱን ብርድ ይቀምሳል፤ ከዚያም በበጋ ቀኑ ረዝሞ ከ15 ሰዓት ሲያልፍ ግንዱን ልኮ ያብባል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ በደሴም ኾነ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ባለችው በደጋን ረዥሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ተክሉ የማበቢያው ወራት የደረሰ አይመስለውም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት የሌሊቱ ብርድ ለጠባዩ ይቀርበዋል፤ ሞቅ ባለው በደጋን ግን ብርዱም ብርሃኑም ይጐድልበታል።

መድኃኒቱ ኹለት ነው። ዘር ሲገዙ ብርድ ሳይሻ የሚያብበውን ዐይነት መርጦ መጠየቅ፤ ተክሉም ሲጠነክር ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ የኤሌክትሪክ መብራት በላዩ ማብራት፤ እንቡጡ እስኪታይም ድረስ አለማቋረጥ ነው። መብራቱ ብዙ ብርታት አያሻውም፤ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ ከኾነ ለአበባውም ይበቃዋል።

ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነውና አፈር አይልበሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይሻል። በተነፋ አፈር ላይ በትነው፣ በእጅ ጫን አድርገው፣ ዕቃውን በውሃ ውስጥ በማቆም ከሥር ያጠጡት፤ ከላይ ያፈሰሱበት እንደ ኾነ ዘሩ ተጠርጎ ይሄዳል። በኹለት ወይም በሦስት ሳምንት ይበቅላል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናም አንገቱን ያበሰብሰዋልና በመስከረም ቢዘራ ይሻላል። ሲጠነክር በመካከሉ አንድ ስንዝር ተኩል እየተዉ ውሃ በማይቋጥር መሬት ይትከሉት፤ ፍግ ቢጨምሩ በደንብ የበሰበሰ ይኹን። በደጋን የጧት ፀሓይ የሚያገኝበት፣ ከቀትር በኋላ ግን ጥላ የሚያርፍበት የግንብ ሥር ይምረጡለት፤ በሥሩ ጭድ ቢያነጥፉ ቅዝቃዜው ይቈያል። ቀንድ አውጣ ለጋ ቅጠሉን ይወዳልና ማታ ማታ በፋኖስ ፈልጎ መልቀም ነው። የጠወለገውን ደወል ቶሎ የቀነጠበ ሰው ኹለተኛ አበባ ሊያይ ይችላል።

ይህ ኹሉ ድካም ለእንግዳው አበባ ነው። የአገራችን ደጋ ግን የራሱ ደወል አበባ አለው። በየመን አገር አግኝቶ ስለርሱ የጻፈው ፎርስኮል የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ ጽሑፉም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1775 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቈጣጠር ታተመ። ስሙን ካምፓኑላ ኤዱሊስ አለው፤ የሚበላ ማለት ነው፤ ወፍራም ሥሩ ይበላልና። ቁመቱ ዐጭር፣ አበባውም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የተፈጠረው በኛው ቀን ልክ ስለ ኾነ መብራት አይለምንም። እንግዳው ሌሊት መብራት ሲበራለት ይህ በከብት እግር መረገጡ ያስገርማል። በቦረና ሳይንት ከፍታ የሚቆመው ጅብራም ከዚሁ ወገን ነው፤ እርሱ ግን የውርጭ ልጅ ስለ ኾነ ወደ ደጋን አይወርድም።

የአገሩን ደወል አበባ ወደ ግቢው ለማምጣት የሚሻ ሰው ሥሩን አይንቀል፤ ተክሉ ከዓመት ዓመት የሚኖረው በርሱ ነውና። አበባው ደርቆ ፍሬው ቡናማ እስኪኾን ይጠብቅ፤ በፍሬው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲከፈቱ ወረቀት ከሥሩ ይዞ ቀስ አድርጎ ያራግፈው። የሚወርደውን ቁንጥር ዘር ለመስከረም ያስቀምጥ።