ፑሽ አፕ በቤት ውስጥ፦ ከግድግዳ ተነሥቶ ወደ መሬት መውረድ

የኮቪድ-19 የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። እነዚህ እርምጃዎች የቫይረሱን ሥርጭት ለመግታት አስፈላጊ ነበሩ። በሌላ በኩል ግን በጎንደርና በሌሎች ከተሞቻችን ኳስ ሜዳ ይውል የነበረው ወጣት፣ በእግሩ ወደ ሥራ ይመላለስ የነበረው ሠራተኛና ተማሪው ለወራት ከቤት እንዲውሉ ሆነ። ብዙዎችም ያን ጊዜ የለመዱትን መቀመጥ እስካሁን አልተውትም።

መቀመጥ ጉዳት አለው። እንቅስቃሴ ሲቀንስ የሰውነት ክብደት፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ይጨምራሉ። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ኮቪድ-19 ሲይዛቸው የሚጸናባቸው መሆኑ ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። ለዚህ ለሁለተኛው ክፍል ገንዘብም መሣሪያም የማይጠይቅ፣ አንድ ሰሌን በሚዘረጋበት ቦታ ብቻ የሚሠራ ስፖርት ፑሽ አፕ ነው።

ፑሽ አፕ የትኛውን የአካል ክፍል ያጠነክራል?

በደባርቅና በዳባት ገጠር ሞፈር የሚይዝ ገበሬ ወይም ከምንጭ ውኃ በጀሪካን የምታመላልስ እናት ከበቂ በላይ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። ይህ ምክር በዋናነት ቀኑን ተቀምጦ ለሚያሳልፍ ሰው ነው። ሸክም መሸከምና ነገር ማንሣት ይበልጥ እግርንና ጀርባን ያሠራሉ። ፑሽ አፕ ግን የመግፋት ሥራ ስለሆነ ደረትን፣ ትከሻንና የክንድን የኋላ ጡንቻ ያጠነክራል። ሆድና ወገብም ሰውነትን ቀጥ አድርገው ለመያዝ አብረው ይሠራሉ።

ትክክለኛው አሠራር

ብዙ ቁጥር ከመቁጠር በፊት አንዱን በትክክል መሥራት ይቀድማል።

1. መዳፎችዎን ከትከሻዎ ስፋት ጥቂት ራቅ አድርገው መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ጣቶች ወደ ፊት ይመልከቱ።
2. ከራስ እስከ ተረከዝ ሰውነትዎ እንደ ጣውላ ቀጥ ይበል። ሆድና መቀመጫዎን ጠበቅ ያድርጉ፤ ወገብ አይርገብ፣ መቀመጫም ወደ ላይ አይቀሰር።
3. እስከ ሁለት እየቆጠሩ በዝግታ ይውረዱ። ክርኖች ወደ ጎን ተዘርግተው እንደ መስቀል አይሁኑ፤ ወደ ኋላ አጋድለው ከጎንዎ ጋር የ45 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይሥሩ።
4. ደረትዎ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ገፍተው ይነሡ። ሲወርዱ አየር ይሳቡ፤ ሲነሡ ያስወጡ። ትንፋሽን አፍኖ መሥራት የደም ግፊትን ለጊዜው በኃይል ስለሚያንር አይገባም።

ወገብ ከረገበ ወይም አወራረዱ ከግማሽ መንገድ ከተመለሰ እንደ አንድ አይቆጠርም። በዚህ ሁኔታ የሚቆጠር ሠላሳ፣ በትክክል ከተሠራ አምስት ያነሰ ጥቅም አለው፤ ትከሻንና ወገብንም ለሕመም ያጋልጣል።

አምስቱ ደረጃዎች

አንድ ሰው መሬት ላይ ሆኖ ፑሽ አፕ ሲሠራ የሚገፋው ከክብደቱ 64 በመቶ ያህሉን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 38 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያቅተው ከአቅሙ በላይ በሆነ ክብደት ስለሚጀምር ነው። መፍትሔው ከቀላሉ ተነሥቶ ክብደቱን ቀስ በቀስ መጨመር ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ቆሞ ግድግዳን መግፋት። ይህ እጅግ ቀላሉ ሲሆን ለአረጋውያንም ይስማማል።
ሁለተኛ ደረጃ፦ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው፣ ከግድግዳ በተጠጋ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ መግፋት። የሚገፋው ክብደት 41 በመቶ ያህል ነው።
ሦስተኛ ደረጃ፦ መሬት ላይ በጉልበት ተንበርክኮ መሥራት። ክብደቱ ወደ 49 በመቶ ይደርሳል። ከጉልበት በታች አጎዛ ወይም የታጠፈ ጋቢ ማድረግ ይጠቅማል።
አራተኛ ደረጃ፦ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደብ ወይም የደረጃ እርከን ላይ መሥራት። ክብደቱ 55 በመቶ ይሆናል።
አምስተኛ ደረጃ፦ ሙሉው ፑሽ አፕ፣ መሬት ላይ።

በርጩማ ሊንሸራተትና ሊገለበጥ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም። በአንዱ ደረጃ 15 ጊዜ በትክክል መሥራት ሲችሉ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ቁጥርን የማሳደግ ዘዴ

ጡንቻ የሚጠነክረው በሥራው ሰዓት ሳይሆን ከሥራው በኋላ በሚያገኘው ዕረፍት ነው። ስለዚህ በየቀኑ አቅምን አሟጦ መሥራት ያደክማል እንጂ አያሳድግም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፉ መሥራት በቂ ነው። ረቡዕንና ዓርብን ለሚጾም ሰው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመቹታል።

በመጀመሪያ በደረሱበት ደረጃ ሳይሰበሩ ስንት መሥራት እንደሚችሉ ይለኩ። ለምሳሌ ስምንት ከሆነ ግማሹን፣ ማለትም አራቱን ይያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት አራት አራት እያደረጉ አምስት ዙር ይሥሩ፤ በዙሮቹ መካከል ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይረፉ። በአንድ ቀን ድምሩ 20 ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት አምስት አምስት፣ በሦስተኛው ስድስት ስድስት ሲያደርጉ ድምሩ 25፣ ቀጥሎም 30 ይደርሳል። አራተኛው ሳምንት የማቅለያ ነው፤ አራት አራት ሦስት ዙር ብቻ ሠርተው በሳምንቱ መጨረሻ እንደገና ይለኩ። ከዚያም የአዲሱን ቁጥር ግማሽ ይዘው ዑደቱን ይድገሙ። በአንዱ ሳምንት መጨመር ካቃተዎት ያንኑ ሳምንት መድገም ነውር የለበትም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ብዙ ቁጥር ላይ የሚደርሰው ያላቋረጠ ሰው ነው።

ስለ ደጋው አየር፣ ስለ ብርድና ስለ ምግብ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ትጠጋለች። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ1995 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩት ብዙም አይለይም። ስለዚህ ለአገሬው ሰው ከፍታው እንቅፋት አይደለም። ከቆላ በቅርቡ የመጣ ሰው ግን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራውን ቀለል፣ ዕረፍቱንም ረዘም ማድረግ አለበት።

በጠዋት ብርድ ወዲያው ወደ መሬት መውረድ አይገባም። ክንድን በማዞር፣ ቦታ ላይ ሆኖ በመርገጥና ግድግዳን በመግፋት ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ሰውነትን ማሟሟቅ ያስፈልጋል። እሳት በሚጤስበት ቤት ውስጥ ከመሥራት ይልቅ ግቢ ውስጥ ወይም መስኮት ከፍቶ መሥራት ለሳንባ ይበጃል። ጿሚ ሰው ጾሙን ሊፈታ ሲቃረብ ቀለል አድርጎ፣ ወይም ከፈታ በኋላ ምግቡ ሲረጋ ቢሠራ ይሻላል። ለጡንቻ ግንባታ የሚያስፈልገው ፕሮቲን በሽሮ፣ በምስር፣ በባቄላና በሽምብራ ውስጥ ስላለ ውድ ምግብ ፍለጋ መሄድ የግድ አይደለም።

የፑሽ አፕ ቁጥር የምርመራ ውጤት አይደለም

ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ፣ ትንፋሹን ለ10 ሴኮንድ ይዞ ያላሳለ ሰው ቫይረሱ የለበትም የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሐሰት መሆኑን አሳውቋል። ሃምሳ ፑሽ አፕ የሚሠራ ወጣትም እንዲሁ፣ ጉልበቱ ቫይረሱ እንደሌለበት ማረጋገጫ አይሆነውም። ምንም ምልክት ሳይታይበት ቫይረሱን ተሸክሞ አብረውት ለሚኖሩት አያቱ ሊያደርስ ይችላል። ለእሱ ቀላል የሆነው ሕመም ለእሳቸው ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስፖርት ማስክ ማድረግን፣ እጅን በሳሙና መታጠብንና የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት መጠበቅን አይተካም። ከጓደኛ ጋር የሚሠራ ሰውም ከቤት ውጭ፣ ርቀቱን ጠብቆ ይሥራ።

በሚከተሉት ሁኔታዎች መሥራት አይገባም፦

• ትኩሳት፣ ሳል፣ የሰውነት ድካም ወይም የማሽተትና የመቅመስ ችሎታ መጥፋት ካለ። በኮቪድ-19 ታሞ የዳነ ሰው ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆይቶ፣ ከአንደኛው ደረጃ ይጀምር። ሕመሙ ጸንቶበት ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።
• በሥራው መካከል የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ እጥረት፣ ማዞር ወይም የልብ ምት መዛባት ከተሰማ። ወዲያው አቁመው በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ።
• በትከሻ፣ በክርን ወይም በእጅ አንጓ ላይ የሚወጋ ሕመም ካለ። በማግሥቱ የሚሰማ የጡንቻ መዛል ግን የተለመደ ነው።

የልብ ሕመም ወይም በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደሚመለከተው ትመራቸዋለች። የኮቪድ-19 ምልክት የታየበት ሰው በቤቱ ተለይቶ ይቆይ፤ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎም ምክር ይጠይቅ።