ጎሉ በማን ስም ይጻፍ?

በእግር ኳስ መዝገብ ላይ ጎል የሚጻፈው በአንድ ሰው ስም ነው። ኳሱን ከኋላ ይዞ የወጣው ተከላካይ፣ መሀል ሜዳ ላይ ነጥቆ ያቀበለው አማካይ፣ ሁለት ተከላካዮችን አስከትሎ በመሮጥ ቦታ የከፈተው ጓደኛ ስማቸው አይነሳም፤ ቢበዛ የመጨረሻው አቀባይ ይመዘገባል። ስለዚህ አንድ አጥቂ በዓመቱ 15 ጎል አገባ ሲባል ቁጥሩ ስለ እሱ የሚናገረውን ያህል ስለ አጠገቡ ሰዎችም ይናገራል። አጥቂን መመዘን ማለት ከዚህ ቁጥር ውስጥ የራሱን ከተሰጠው መለየት ነው።

ችግሩ አፍጥጦ የሚታየው በአሜሪካ ፉትቦል ነው። እዚያ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች በየማጥቃቱ መጀመሪያ ኳሱን ይረከባል፤ ከዚያ ይወረውራል፣ ለሌላ ያስረክባል ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ቆመው ባላጋራን ያግዱለታል። እነሱ ከተደረመሱ ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ፋታ የለውም። ጥሩ ወርውሮ ቀላቢው ቢያመልጠው ደግሞ ያልተሳካው ሙከራ የሚቆጠረው በወርዋሪው ላይ ነው። የስፖርቱ ዋና ሊግ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀምበት የወርዋሪዎች ነጥብ ጣሪያው 158.3 ሲሆን የሚቀመረው ከተሳኩ ውርወራዎች፣ ከተገኘው ርቀት፣ ባላጋራ መጨረሻ ክልል ከደረሱ ውርወራዎችና ከተነጠቁ ኳሶች ነው፤ ማን እንደተከላከለለት አይጠይቅም። ኳርተርባኩ ስቲቭ ያንግ በታምፓ ቤይ ቡድን በቋሚነት ከጀመራቸው 19 ጨዋታዎች ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር። እዚያ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው ባልተገኘ። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ግን በ1992 እና በ1994 እ.ኤ.አ. የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ማቲው ስታፎርድም በዲትሮይት 12 ዓመት ሲጫወት አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አላሸነፈም፤ ሎስ አንጀለስ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ዋንጫ አነሳ።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ነገር ለማየት የአቡበከር ናስርን ታሪክ ማንሳት ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ። ከመረቡ ፊት ያለው እርጋታና ፍጥነቱ የእሱ ነው፤ ማንም አልሰጠውም። ነገር ግን ያ ቡድን በአሠልጣኝ ካሳዬ አራጌ ሥር ኳስን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጭር ቅብብል ይዞ ለመውጣት የተሠራ ነበር። አጥቂው ኳስ የሚደርሰው በረጅሙ ተጠልዞ በአናቱ ላይ ሳይሆን በእግሩ ወይም በሚሮጥበት ክፍት ቦታ ነበር። ያም ሆኖ ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ነው፤ 29 ጎል ቡናን ከሁለተኛነት አላሻገረም። አቡበከር በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ደግሞ አጥቂ በበዛበት ቡድን ውስጥ ለቦታ መፎካከር ነበረበት፤ ጉዳትም ተጨመረ። የሁለቱን ክለቦች ጎል ጎን ለጎን አስቀምጦ "ወረደ" ወይም "ቀድሞም አልነበረም" ማለት ችኮላ ነው።

በሰንጠረዡ ግርጌ ያለ ቡድን አጥቂ ፍርዱ ይከብድበታል። የወልድያ ከተማ ክለብ በ2007 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወረደ፤ በ2009 ተመልሶ በ2010 መጨረሻ ዳግም ወረደ። በ2009 ጥር 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በከተማዋ ተመርቋል። ተመልካች ግን ያደፋፍራል እንጂ ኳስ አያቀብልም። ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ብዙውን ደቂቃ በራሱ ሜዳ ተከማችቶ ይከላከላል፤ አጥቂው ከግማሽ ሜዳ በላይ ብቻውን ይቀራል፤ የሚደርሰውም ከጭንቀት የተጠለዘ ኳስ ነው። በእንዲህ ያለ ቡድን የተገኘ 8 ጎል፣ ሜዳውን በሚቆጣጠር ቡድን ከተገኘ 14 ሊበልጥ ይችላል።

ይችላል እንጂ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ለዚህም ነው ቆጠራ የሚያስፈልገው። በመጀመሪያ የሚታየው ምን ያህል ዕድል እንዳገኘ ነው። አንዱ 40 ጊዜ መትቶ 10፣ ሌላው 14 ጊዜ መትቶ 6 ቢያገባ በጎል የሚመራው የመጀመሪያው ነው፤ ያገኘውን በመጠቀም ግን ሁለተኛው ይልቃል። ቀጥሎ የዕድሉ ዓይነት ይመዘናል። ፍጹም ቅጣት ምት ከአራት ሦስቱ ያህል ጎል ስለሚሆን ለብቻው ይቆጠራል፤ ከ25 ሜትር የተመታ ኳስ ከዚህ ጋር አይደመርም። በውጭ ሊጎች የተለመደው "የሚጠበቅ ጎል" የሚባለው ስሌት ይህንኑ ያደርጋል፤ ለእያንዳንዱ ምት ከቦታውና ከማዕዘኑ ተነስቶ ጎል የመሆን ዕድሉን ይገምታል። ኮምፒውተር ባይኖርም ደብተርና እርሳስ የያዘ ምክትል አሠልጣኝ ዋናውን ነገር ሊይዝ ይችላል።

የተጋጣሚው ጥንካሬም ከሂሳቡ አይወጣም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈው በሁለት ጨዋታ ሱዳን ላይ 5 ጎል አግብቶ ነው። በ2005 ዓ.ም. ጥር በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ውድድር ግን በአመዛኙ እነዚያው አጥቂዎች በሦስት ጨዋታ ያገኙት አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱንም አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ አገባው። በሦስት ወር ውስጥ ሰው ኳስ አይረሳም። የተለወጠው ባላጋራው ነው፤ ዛምቢያ ያለፈው ውድድር ባለ ዋንጫ ነበረች፣ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ደግሞ በመጨረሻ ለዋንጫ የተፋለሙት ናቸው። ኢትዮጵያ ላይ የገቡት 7 ጎሎችም ግብ ጠባቂዎቹን ብቻ አያስጠይቁም። የዛምቢያው ጨዋታ ከመጀመሪያው አጋማሽ ጀምሮ በ10 ሰው የተካሄደ ነው፤ በናይጄሪያው ሁለቱም ጎሎች በፍጹም ቅጣት ምት የገቡ ናቸው።

ተቃራኒው ስህተትም የተለመደ ነው፤ ደካማን አጥቂ "ኳስ ስላላገኘ ነው" እያሉ መሸፈን። ኳስ ያላገኘበት ምክንያት ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ከተከላካዩ ጀርባ ተደብቆ የሚቆም አጥቂን አማካዩ ቢያየውም አያቀብለውም። ይህ በቴሌቪዥን አይታይም፤ ካሜራው የሚከተለው ኳሱን ነው። ሜዳ ተገኝቶ ዓይንን ከኳስ ነቅሎ ሰውየውን ለአሥር ደቂቃ ብቻ መከታተል ከመዝገቡ የማይገኝ ነገር ያሳያል።

ከወልድያ በስተደቡብ በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው መርሳና በሌሎች የሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ታዳጊ ለሚመለምል ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ይጠላለፋል። በታዳጊዎች ጨዋታ ጎበዙ ልጅ ሁሉንም ይሠራል፤ ይከላከላል፣ አታልሎ ያልፋል፣ ቅጣት ምትም የእሱ ነው። አምስት ጎል ቢያገባ ችሎታው ይሁን ወይስ ከእኩዮቹ ቀድሞ መፈርጠሙ አይለይም። ሣር የሌለው ጠጠራማ ሜዳም እንደ ደካማ አቀባይ ነው፤ ኳሱ ስለሚዘል ንክኪው ጥሩ የሆነ ልጅ ሻካራ ይመስላል። የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው፤ ከእረፍት በኋላ ሁለቱን አጥቂዎች ቡድን አለዋውጦ፣ የአንዱን አማካዮች ለሌላው ሰጥቶ እንደገና ማየት።