የኖራ ምድጃ ለምን ካናል ዳር?

ጁባ ውስጥ ጡብ ናይል ዳር እንደሚቃጠል ማላኪያ ሰፈር ያላችሁ ግንበኞች ታውቃላችሁ፤ ጭቃውም ውሃውም እዚያው ነው። የድሮ የእንግሊዝ የኖራ ምድጃዎች ካናል (የጀልባ ቦይ) ዳር የተሠሩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። ታዲያ ድንጋዩ በሚቆፈርበት ቦታ አቃጥሎ፣ ክብደቱ ሲቀንስ መጫን አይሻልም? አደገኛ ነው። አዲስ የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ የእንጨት ጀልባ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ ድንጋዩንና ማቃጠያውን የድንጋይ ከሰል በካናል አምጥተው ኖራው ከሚፈለግበት አጠገብ ያቃጥሉ ነበር። ድንጋይና ከሰል እየተነባበረ ከላይ ይገባል፣ ኖራው ከታች ይዛቃል። ዱድሊ ከተማ ምድጃዎቹ ዛሬም ካናሉ ዳር ይታያሉ።

በእኛ አገር በኢትዮጵያ ደግሞ የኖራ ግንባታ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተስፋፋ፤ ከጢስ ዓባይ በታች ያለው የአላታ ድልድይም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ቀጥሎ የጎንደር ግንቦች መጡ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶ መጠገናቸው እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳል፣ ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ የምትጠግኑ ሁሉ፣ እባካችሁ ኖራ ተጠቀሙ።