የቤቱን ወጪ እንግዳ ሲቆጥረው

ደመወዝ ከገባ ገና አሥር ቀኑ ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ትራንስፖርት፣ ዕድር፣ ዕቁብ… ቢደምሩ ቢቀንሱ አልሞላ ይላቸዋል። በዚህ መሐል ንግዱ የተሳካለት አጎት ለጥየቃ ብቅ አለ እንበል። «እስቲ ደብተሩን አምጡት፤ ስንት ሠራተኛና ስንት መጋዘን የማስተዳድር ሰው ይቺ ታቅተኛለች?» ይልና እስክሪብቶውን አውጥቶ መሰረዝ ይጀምራል። ማንም የማያየው የቴሌቪዥን ክፍያ፣ ተሰረዘ። በየቀኑ ከሰፈር ሱቅ በችርቻሮ የሚገዛው ስኳርና ሳሙና፣ «በጅምላ ግዙ!» ባልና ሚስቱ እየተያዩ ይስማማሉ። ቀጥሎ እስክሪብቶው ለእናት በየወሩ ከሚላከው ተቆራጭ ላይ ደርሶ ይቆማል። ቤቱ ጸጥ ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ጸጥታ ነው። አጎትየው ያደረገውን ነገር ታላላቅ የኩባንያ መሪዎች በመንግሥታት ደብተር ላይ ሞክረውታል። «ደመወዝ አንፈልግም፤ እኛ ድርጅት ማትረፍ እናውቅበታለን፤ የመንግሥትን ወጪ እንቀንስላችሁ» ብለው የገቡ ባለሀብቶች ታሪክ ረጅም ነው። የት ላይ ተሳካላቸው? የት ላይ ተሰናከሉ? ከእነሱስ ለራሳችን ጓዳ ምን እንወስዳለን?

ሁለት ሺህ በጎ ፈቃደኞች

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1982 ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የመንግሥት ወጪ ከገቢው እየበለጠ አስጨንቋቸዋል። በቀጣዩ ዓመት የበጀት ጉድለቱ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ሬገን የካሊፎርኒያ ገዥ ሳሉ በ1967 ነጋዴዎችን ሰብስበው የክፍለ ግዛቱን አሠራር አስፈትሸው ነበርና ያንኑ በአገር ደረጃ ለመድገም ወሰኑ። ሥራውን እንዲመሩ የመረጧቸው ጄ. ፒተር ግሬስ የተባሉትን ባለሀብት ነው።

ግሬስ አያታቸው የመሠረቱትን ትልቅ ኩባንያ ገና በ32 ዓመታቸው ተረክበው ለአሥርት ዓመታት የመሩ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ሰብሳቢነት 161 የኩባንያ መሪዎችና ታዋቂ ሰዎች በኮሚሽኑ ተሰየሙ፤ ከሥራቸው ደግሞ ወደ 2,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች በ36 ቡድን ተከፍለው በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ። ለሥራው የዋለው 76 ሚሊዮን ዶላር ከግል ኩባንያዎች የተዋጣ እንጂ ከመንግሥት ካዝና የወጣ አልነበረም።

በጥር 1984 ለፕሬዚዳንቱ የቀረበው ሪፖርት አገሩን አስደመመ። በ47 ጥራዝ 2,478 የማሻሻያ ሐሳቦች ተዘርዝረዋል። ሁሉም ሥራ ላይ ከዋሉ በሦስት ዓመት ውስጥ 424 ቢሊዮን ዶላር ይድናል ተባለ። ያረጁ ኮምፒዩተሮች፣ እርስ በርስ የማይናበቡ የሒሳብ አያያዞች፣ በጊዜው የማይሰበሰብ ብድር፣ በአንድ ሥራ ላይ የተደራረቡ ቢሮዎች፣ ከግሉ ዘርፍ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የተጋነነ ነው የተባለ ጡረታ… ሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

ባለ 435 ዶላሩ መዶሻ

በዚያው ሰሞን አሜሪካውያንን ያነጋገረ አንድ መዶሻ ነበር። የባሕር ኃይሉ አንድ ተራ መዶሻ በ435 ዶላር ገዛ የሚል ዜና ተሰማ። ከየትኛውም ሱቅ በጥቂት ዶላር የሚገኝ ዕቃ! መዶሻው የመንግሥት ብክነት ምልክት ሆነ፤ በቀልዱም በካርቱኑም፣ በምክር ቤቱም ተነሳ።

በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ግን ሌላ ነገር አገኙ። መዶሻው የተገዛው ከብዙ የተራቀቁ መለዋወጫዎች ጋር በአንድ ውል ነበር። አቅራቢው ድርጅት ለምህንድስናና ለአስተዳደር ያወጣውን ወጪ በዝርዝሩ ላይ ላሉት ዕቃዎች ሁሉ እኩል አካፈለው። ስለዚህ ውስብስብ በሆነው ዕቃ ላይ 420 ዶላር ሲጨመር፣ በመዶሻውም ላይ ያው 420 ዶላር ተጨመረበት። ይህን በእኛ ቤት ብንተረጉመው፣ ከመርካቶ ፍሪጅና ማንኪያ ገዝተን የጭነት መኪናውን ኪራይ ለሁለቱም እኩል እንደማካፈል ነው። ማንኪያዋ በወረቀት ላይ በጣም ውድ ትሆናለች፤ ከኪሳችን የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ግን አይለወጥም።

መዶሻው በዚያ ዋጋ ባይገዛም፣ አንድ ሰው «ይህ ዋጋ ከየት መጣ?» ብሎ ለመጠየቅ ያን ያህል ጊዜ መውሰዱ ራሱ ችግር ነበር። ነገር ግን ከውጭ የመጣ ተመልካች አንድ መስመር አይቶ ሲጮኽ፣ ከመስመሩ ጀርባ ያለውን ታሪክ ሊስተው እንደሚችልም መዶሻው ያስታውሰናል።

ላም አለኝ በሰማይ

424 ቢሊዮን ዶላሩስ ተገኘ? የአሜሪካ ኮንግረስ የበጀት ቢሮና የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን በጋራ መረመሩ። ኮሚሽኑ ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር ያድናሉ ያላቸውን ሐሳቦች መዝነው፣ በሦስት ዓመት የሚገኘው ቁጠባ መቶ ቢሊዮን ገደማ ነው አሉ። ይህም ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ግን ከተነገረው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ዓይነት ሆነ።

ልዩነቱ የመጣው በዋናነት ከአንድ ነገር ነው። ኮሚሽኑ «ብክነት» ብሎ ከመዘገበው ውስጥ ብዙው ብክነት ሳይሆን ምርጫ ነበር። ጡረታ ምን ያህል ይሁን? ለየትኛው ገበሬ ድጎማ ይሰጥ? መንግሥት ከሚያመርተው የኤሌክትሪክ ኃይል ምን ያህል ያስከፍል? እነዚህ በሕግ የተወሰኑ፣ ከኋላቸው መራጭ ሕዝብ ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው። የኩባንያ መሪ ትርፍ የማያመጣውን ቅርንጫፍ በአንድ ፊርማ ይዘጋል። የመንግሥት ቅርንጫፍ ግን ብዙውን ጊዜ የተከፈተው ትርፍ የማያመጣ ቦታ ስለሆነ ነው፤ በገጠር ያለ ጤና ጣቢያን በአትራፊነቱ የሚመዝን የለም። ከሐሳቦቹ አብዛኞቹም የኮንግረስን ይሁንታ የሚሹ ነበሩ፤ ኮንግረስ ደግሞ የየወረዳውን ሕዝብ ይፈራል።

ሌላም ቅሬታ ነበር። አንድ የኩባንያ ሹም የራሱን ኩባንያ የሚቆጣጠረውን ወይም ከኩባንያው ዕቃ የሚገዛውን መሥሪያ ቤት ሲፈትሽ ሚዛኑ ወደየት ያደላል? በነጻ የሚያገለግል ሰው ደመወዝ ባይቀበልም ጥቅም የለውም ማለት እንዳልሆነ የዚያን ጊዜ ተቺዎች ደጋግመው ተናግረዋል።

ያም ሆኖ ድካሙ ከንቱ አልቀረም። ኮሚሽኑ ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ የማያስፈልጉ የጦር ሠፈሮች ነበሩ። ማንም የምክር ቤት አባል በራሱ ወረዳ ያለው ሠፈር እንዲዘጋ አይፈልግም፤ ሠፈሩ ሲዘጋ ምግብ ቤቱም፣ ጸጉር ቤቱም፣ የቤት ኪራዩም አብሮ ይወድቃልና። በ1988 ብልህ መላ ተገኘ። ገለልተኛ ኮሚሽን ዝርዝሩን ያዘጋጃል፤ ባለሥልጣናቱ ደግሞ ዝርዝሩን በሙሉ ይቀበላሉ ወይም በሙሉ ይጥላሉ፤ መርጦ ማውጣት የለም። በመጀመሪያው ዙር ብቻ 86 ሠፈሮች እንዲዘጉ ተወሰነ።

ልብስ ሻጩና ሦስቱ ጥያቄዎች

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ማርጋሬት ታቸር በ1979 ሥልጣን እንደያዙ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ከተባለው የታወቀ የልብስና የምግብ መደብር ሰር ዴሪክ ሬይነርን ጠሩ። ሬይነር ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ሰዓታቸው ለማገልገል ተስማሙ። መደብራቸው ወረቀት በመቀነስ ዝነኛ ነበር፤ በ1950ዎቹ በአንድ ዘመቻ በዓመት 26 ሚሊዮን ቅጾችንና ካርዶችን አስወግዷል።

የሬይነር አካሄድ ከግሬስ በጣም ይለያል። ሁለት ሺህ ሰው አላሰለፉም፤ የነበራቸው በጣት የሚቆጠር ባልደረባ ነው። ፍተሻውን ያካሄዱትም የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ራሳቸው ነበሩ፤ ብዙውን ጊዜ ወጣትና ንቁ የሆኑት እየተመረጡ። እያንዳንዱ ፍተሻ አንድን ሥራ ብቻ ይይዛል፤ በ90 ቀን ውስጥም ማለቅ አለበት። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ይህ ሥራ ለምንድን ነው? ስንት ያስወጣል? ምን ጥቅም ይጨምራል?

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ፍተሻዎች ተደረጉ። ቁጥሩ እንደ ግሬስ ሪፖርት ሰማይ አልነካም፤ ግን ሐሳቡ ከቤቱ ሰዎች የወጣ ስለሆነ ወደ ሥራ ለመግባት ቀለለው።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2010 ሌላ የእንግሊዝ ልብስ ነጋዴ፣ ሰር ፊሊፕ ግሪን፣ ተመሳሳይ ጥሪ ቀረበላቸው። ያገኙት ነገር የቤት እመቤቶችን የሚያስቅ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ካርቶን ወረቀት በ8 ፓውንድ ሲገዛ፣ ሌላው በ73 ፓውንድ ይገዛል። ላፕቶፕ አንዱ ጋ 353 ፓውንድ ነው፤ ሌላው ጋ 2,000 ፓውንድ። ሁሉም የአንድ መንግሥት ልጆች ሆነው እርስ በርስ ዋጋ አይጠያየቁም ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምክር አጥቷቸው ነበር ማለት ነው። ግሪንም ቢሆኑ ከትችት አላመለጡም፤ የቤተሰባቸው የግብር ጉዳይ አስቀድሞ ሲያነጋግር የቆየ ስለነበር «ስለ ሕዝብ ገንዘብ የሚመክሩን እሳቸው ናቸውን?» ያሉ ብዙ ነበሩ።

እስክሪብቶው እኛ ጋ ሲደርስ

የቅርቡን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። የቴስላው ኤለን መስክ በ2024ቱ የምርጫ ዘመቻ ከአሜሪካ መንግሥት ወጪ ቢያንስ 2 ትሪሊዮን ዶላር መቀነስ እንደሚቻል ተናገሩ። በጥር 2025 ዶጅ የተባለው የወጪ ቅነሳ ቡድን ሥራ ጀመረ። ግቡ ወደ 1 ትሪሊዮን ወረደ፤ በሚያዝያ ወር መስክ ራሳቸው የሚጠበቀው 150 ቢሊዮን ገደማ መሆኑን ተናገሩ። በግንቦት መጨረሻ ሥራውን ለቀው ሄዱ። አብዛኛው የአሜሪካ በጀት የሚሄደው ለአረጋውያን ጡረታ፣ ለሕክምና፣ ለመከላከያና ለዕዳ ወለድ ነውና፣ በሌላው ላይ ቢቆርጡ ቢቆርጡ ትሪሊዮን አይሞላም።

ይህኛው እስክሪብቶ ግን የእኛም ደብተር ላይ ደርሷል። መጀመሪያ ከተሰረዙት መካከል ዩኤስኤአይዲ ነበር። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከፍተኛውን ድጋፍ ከሚያገኙት አንዷ ነበረች። ድጋፉ በድንገት ሲቋረጥ በኤችአይቪ አገልግሎት ላይ የተሰማሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በተቋራጭ ድርጅቶች የሚሠሩ ወገኖቻችንም የሥራ ዋስትናቸው ያሳሰባቸው ጊዜ ነበር። እነሱ ሲቸገሩ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጎንደር ያለች እናት ተቆራጭ ይዘገይባታል።

በዕርዳታ ላይ ለዘላለም መንጠልጠል መልካም ነው የሚል የለም፤ በዚያ ውስጥም ብክነት እንደነበረ የሚክድ አይገኝም። ነገር ግን ለመቀነስ ዓመት የሚፈጀውን በሳምንት መቁረጥ የራሱ ዋጋ አለው። መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ሒሳቡ ተጣርቶ እስኪያልቅ መድኃኒቱን አያቆይም።

ወደ ጓዳችን ስንመለስ

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ለቤታችን የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን እንምረጥ።

በመጀመሪያ፣ ብክነትንና ምርጫን ለዩ። የሚደፋ እንጀራ፣ የማይታይ ቻናል፣ ሁለት ጊዜ የተገዛ ዕቃ ብክነት ነው፤ ያለ ክርክር ይቁም። ለእናት የሚላክ ገንዘብ፣ የልጅ ማስጠኛ፣ ዕድር ግን ምርጫ ነው። ሊቀነስ ይችላል፤ ግን ተመካክሮ እንጂ ተሰርዞ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሬይነርን ሦስት ጥያቄዎች ተጠቀሙ። ሁሉንም ወጪ በአንድ ማታ አትፈትሹ። በዚህ ወር ትራንስፖርትን፣ በሚቀጥለው የወጥ ቤቱን ወጪ ያዙ። ጥያቄውንም ወጪውን የሚያወጣው ሰው ራሱ ይመልስ፤ ጓዳውን የሚያውቅ ጓዳ ውስጥ የሚውል ነውና። የቤት ሠራተኛችሁንም ጠይቋት፤ ዘይቱ የት እንደሚያልቅ ከእናንተ የተሻለ ታውቃለች።

ሦስተኛ፣ ዋጋ ተጠያየቁ። እህትማማቾች፣ ጎረቤታሞች በአንድ ላይ ጤፍና ዘይት ብትገዙ የ8 እና የ73 ፓውንዱ ታሪክ በእናንተ ላይ አይደርስም።

አራተኛ፣ ከውጭ የመጣ ዓይን ጥሩ ነው፤ ቤተኛ የለመደውን ብክነት አያየውም። ነገር ግን መካሪው ከምክሩ ምን እንደሚያገኝ፣ ቅነሳው ደግሞ ማንን እንደሚነካ አስቀድማችሁ አስቡ።

አጎትየው አሁንም እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው። ሚስትየዋ ቡናውን ቀድታ ታቀርብለትና ዝግ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ እሱን ተወው፤ እሱ የእትዬ መድኃኒት ነው» ትለዋለች። አጎትየው ደብተሩን ትንሽ ያየዋል፤ ከዚያ ያንን መስመር ዘልሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።