ያውቁ ኖሯል? «ደህና ነኝ» ያለ ሠራተኛ ሁሉ ደህና ላይሆን ይችላል

በድብርትና በጭንቀት ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን ያህል የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ላይ ሆቴል፣ አምባሰል ውጫሌ ላይ የግል ክሊኒክ የሚያስተዳድሩ ከሆነ ጉዳዩ የእርስዎም ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት አካባቢውን ስላዳረሰው፣ ሠራተኛው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ሐዘንም ይኖራል።

መጀመሪያ የሥራ ሰዓትና የፈቃድ መዝገቡን ይዩ። ማን በተከታታይ አመሸ? የማን ፈቃድ ተጠራቀመ? ቀጥሎ ሠራተኛዋን ለብቻ ያነጋግሩ። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ታልፋለች፤ «የትኛው ሥራ ከበደሽ? ማን ያግዝሽ?» ቢሏት ግን የሚነገር ነገር ታገኛለች።

መዝገቡን ከሕጉም ጋር ያመሳክሩ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል፤ ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 መብለጥ የለበትም። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ሠራተኛው «ይቅርብኝ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ አይጸናም። ይህ መታወቅ ያለበት ትልቅ መብት ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ አንድ የታደልንበት መላ አለ፦ የበዓላት የተረኛ ዝርዝር ቀደም ብሎ በጋራ ከወጣ፣ ለገና ሙስሊሙ፣ ለመውሊድ ክርስቲያኑ ባልደረባ ይተካል።