የእንግሊዞቹ ኑዛዜና የእኛ የዕድር ፎርም

ዛሬ ከቁጥር ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ስምና ስለ ዘር ቆጠራ እንነጋገራለን። ወጣ ብለን ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ የነገሩ መጨረሻ ገንዘብ ነውና።

እዚሁ ኢገን ይኖር የነበረ አንድ የታክሲ ባለንብረት ደንበኛዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት በድንገት ዐረፈ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ እናትና አባቱም ቀድመውታል። የተወው ሁለት መኪና፣ የባንክ ሂሳብና ከጓደኛው ጋር የያዛት የአንዲት ትንሽ ሱቅ ድርሻ ነው። ኑዛዜ አልጻፈም። በሚኒሶታ ሕግ ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅና ወላጅ ከሌለው ንብረቱ ለእህት ወንድሞቹ ያልፋል። ለሟቹ ባሕር ዳር አንዲት እህት አለችው። ታዲያ ምን ችግር አለ ትሉ ይሆናል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሟቹ ሱዳን ስደተኛ ሳለ ሲመዘገብ ስሙን እስከ አያቱ ድረስ ተናገረ። አሜሪካ ሲገባ የአያቱ ስም «ላስት ኔም» ሆነ፤ መሐል ላይ የነበረው የአባቱ ስም ደግሞ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ወድቆ ቀረ። እህቱ ደግሞ አጎቷ ዘንድ ስላደገችና ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ ስለሆነ፣ በመታወቂያዋ ላይ ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው የአጎቷ ስም ነው። የአባታቸው ስም በሁለቱም ወረቀት ላይ የለም። ሄስቲንግስ በሚገኘው የዳኮታ ካውንቲ ፍርድ ቤት ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያሳዩት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ከሚኒያፖሊስ እስከ ባሕር ዳር ሞልቷል። ማወቅ ሌላ፣ ማስረዳት ሌላ ሆነና ተቸገርን።

ይህ ጉዳይ እጄ ላይ ሳለ ነው ከዌስኮት ላይብረሪ መጽሐፍ እየተዋስኩ የድሮዎቹን የእንግሊዝ ስደተኞች ነገር ማንበብ የጀመርኩት። የኛ ሥራ አስጨንቆኝ፣ እነሱ እንዴት አድርገው ዘራቸውን ያረጋግጣሉ ብዬ ነው። በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ፕሊመዝ የደረሱት መንገደኞች 102 ገደማ ነበሩ። ከዚያ እስከ 1640 ባለው ሃያ ዓመት ወደ ኒው ኢንግላንድ የገቡት እንግሊዞች 20 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። አብዛኞቹ ባላባት አልነበሩም፤ ገበሬ፣ ሸማኔ፣ ጫማ ሰፊና ነጋዴ ነበሩ። የነዚህን ሰዎች ዘር የሚፈልግ ማኅበር በ1845 ቦስተን ላይ ተቋቁሞ እስካሁን ይሠራል። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ ሮበርት ቻርልስ አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪ ቀደምቶቹን ስደተኞች ቤተሰብ በቤተሰብ እየለዩ መዝግበዋል።

እነዚህ ተመራማሪዎች አያቴ እንዲህ አለኝ የሚለውን ወሬ እንደ ፍንጭ ይሰሙታል እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጥሩትም። የሚፈልጉት ኑዛዜ፣ የመሬት ሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን የአባላት ዝርዝርና የመሳሰለውን ነው። እኔ በሙያዬ የተነሳ ይሁን አላውቅም፣ ከሁሉ ደስ ያለኝ የሟች ንብረት ቆጠራ ነው። ሰው ሲሞት ጎረቤቶቹ ቤቱ ገብተው ፍራሹን፣ ድስቱን፣ ላሟንና መጥረቢያውን በፓውንድና በሺሊንግ ገምተው ይጽፉ ነበር። ዛሬ እኔ ለአንድ ሱቅ የዕቃ ቆጠራ ስሠራ ከማደርገው ብዙም አይለይም። ያ ሁሉ የተጻፈው ለዕዳና ለውርስ ሲባል ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ የልጅ ልጅ በማንም ሐሳብ አልነበረም። ሆኖም ዘሩ የተገኘው በዚያ ነው።

በአንድ መንደር ሁለት ጆን ስሚዝ ሲገኙ ስም ብቻ አይበቃም። የትኛው መሬት የማን ነው፣ ውሉ ላይ የፈረሙት ምስክሮች እነማን ናቸው፣ ኑዛዜው ውስጥ ልጄ የተባለው ማን ነው እየተባለ አንዱ ከሌላው ይለያል። የሴቶቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። የእንግሊዝ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትወስዳለች፤ የአባቷ ስም ካልተጻፈ ዘሯ እዚያው ይቆማል። ብዙ ጊዜ ያገባች ልጅ ከአባቷ ጋር የምትገናኘው «ልጄ፣ የእገሌ ሚስት» ብሎ አባትየው በተናዘዘባት አንዲት መስመር ብቻ ነው። በዚህ በኩል የኛ ልማድ ይሻላል። የኛ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። የኛ ድካም ሌላ ቦታ ነው፤ ስማችን በየትውልዱ ይለወጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ብሎ ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልለመደውም። አሁን አንድ ኢገን ያለ ቤታችሁን ተመልከቱ፦ ባል በአባቱ ወይም በአያቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጆች ሆስፒታል በተጻፈላቸው ስም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ላስት ኔም አለ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደኛው ያስቸግራቸዋል ብላችሁ ታምናላችሁ? እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ዓመት የሚለውጡት ጃንዋሪ 1 ሳይሆን ማርች 25 ቀን ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በአሮጌው አቆጣጠር የተወለደው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ሲሆን፣ በአዲሱ ግን ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የአንዱን ሰው ልደት የሁለት ሰዎች ያደርገዋል። እኛም ስምንት ደምሮ መጻፍ ለምደናል፤ ነገር ግን ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው። ጥር 12 ቀን 1962 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 1962 የተወለደው ግን ኖቬምበር 21 ቀን 1969 ነው። በዚህ ስሕተት የአንድ እናት ልጆች በአምስት ወር ልዩነት ተወልደው የቀረቡበት ፎርም አይቻለሁ። ሌሎቻችንን ደግሞ ጃንዋሪ 1 አንድ ላይ ወልዶናል፤ የዕለቱን ኬክ በጅምላ ማዘዝ ሳይሻል አይቀርም።

የዘር ቆጠራ ለኛ እንግዳ ሆኖ አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ድረስ በአባትም ሆነ በእናት በኩል ቆጥሮ የሚደርስ ሰው ድርሻዬን ብሎ ይነሣል፤ ክርክሩም ዘር አዋቂ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ደጋ ዳሞት ላይ አጥንቶ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በዝርዝር ጽፎታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ፤ ቆጠራውም አብሮ ላላ። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠሩ ብቻ ቀረልን። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እንግዲህ በመሐሉ ተወልደን ወደዚህ የመጣነው ርስቱም ምዝገባውም ያልደረሰን ሰዎች ነን።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። ያወጣን የዕድር ፎርም ነው። ዕድር ለአባሉ ብቻ ሳይሆን ለወላጅና ለእህት ወንድም ሐዘንም ስለሚደርስ፣ ሰው ሲገባ የቤተሰቡን ስም ያስመዘግባል። ሟቹም ከዓመታት በፊት በገዛ እጁ የአባቱን፣ የእናቱንና የእህቱን ስም ከነአጎቷ ስም ሞልቶ ፈርሞ ነበር። ከዚያ ባሕር ዳር ካለው ደብር የእህቲቱ የክርስትና ወረቀት መጣ፤ ሁለት ሽማግሌዎችም በመሐላ መሰከሩ። አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ሲገጣጠሙ ግን ጠበቃው ፍርድ ቤቱን ማሳመን ቻለ። አሥራ አራት ወር ፈጀ። ለጠበቃና ለትርጉም የወጣው ገንዘብ ከአንደኛዋ መኪና ዋጋ በለጠ።

እናንተስ? መጀመሪያ ኑዛዜ ጻፉ። በሚኒሶታ ከ75 ሺህ ዶላር የማይበልጥ፣ ቤትና መሬት የሌለበት ውርስ ከሞት 30 ቀን በኋላ በመሐላ ጽሑፍ ብቻ ሊጠየቅ ይችላል፤ ቢሆንም ወራሹ ወራሽነቱን ማስረዳት አይቀርለትም። ከታክስ ፋይላችሁ ጋር አንድ ወረቀት አስቀምጡ፤ የወላጅ፣ የእህት ወንድምና የልጅ ስም በአማርኛና በፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ ልደታቸው በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍበት። አይ አር ኤስ መዝገቡን የሚያመሳክረው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁና በላስት ኔማችሁ የመጀመሪያ አራት ፊደሎች ነው። ስለዚህ «ገብረ» በአንዱ ወረቀት በእንግሊዝኛው «ኢ»፣ በሌላው በ«ኤ» ከተጻፈ ታክሱ ተመልሶ ይመጣል። ዜግነት ስትጠይቁ ኤን-400 ፎርሙ ስም መለወጥ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የወደቀውን የአባት ስም ለመመለስ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አታገኙም። እህት ወይም ወንድም በአይ-130 ለማምጣት የሚያስብ ዜጋ ደግሞ ከሁለቱም ልደት ወረቀት ላይ የጋራ ወላጅ ስም መታየት እንዳለበት ከወዲሁ ይወቅ፤ ተራው ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ ወረቀቱን ለማስተካከል ጊዜ አለ። ስደተኛ ሳላችሁ ምን ተናግራችሁ እንደነበር ከረሳችሁ የኢሚግሬሽን ፋይላችሁን ቅጂ ራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። መቀየር ያለበት ነገር ካገኛችሁ ግን እኔ ዘንድ ሳይሆን ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

እኔም ለሌላው እየመከርኩ የራሴን አልጻፍኩም ነበር። ባለፈው እሑድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ደብረ ማርቆስ ያሉ አክስቴ ዘንድ ደወልኩ። ሳያመነቱ በአባቴ በኩል እስከ ዘጠኝ፣ በእናቴ በኩል እስከ ስድስት ቆጠሩልኝ፤ የሁለቱን አያቶች ስም ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። ጽፌ ስጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ ርስት ሊመለስ ነው እንዴ?» አሉኝ።